ፌስታሉስ ቀረ፤ ሃይላንዱስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን አዲሱን የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ በባሕር ዳር ሆቴሎችና ሎጆች ዘንድ ወሬው ሁሉ ስለ ፌስታል ሆኗል። ክልከላው ጨርሶ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የማይበሰብስ የፕላስቲክ ከረጢት ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ስስ ፌስታል ከጉልት እስከ ሱቅ እንዳሻው ሲዞር ኖሯል። የአሁኑ ጠንከር ብሎ መምጣቱ ደግ ነው። የሚያሳስበን የሎጅ ባለቤቶች ፌስታሉን በሌላ ከረጢት ተክተው፣ «ከፕላስቲክ ነፃ» የሚል ሰሌዳ በር ላይ ሰቅለው እንዳያርፉ ነው። ክፍል ለሚያጸዳና ወጥ ቤት ለሚሠራ ሰው የሎጅ ዋናው ክምር ፌስታል አይደለም። የመጠጥ ውኃ ሃይላንድና የወጥ ቤት እርጥብ ቆሻሻ ነው። ሁለቱም የሚወሰኑት ገና ግዢ ሲታዘዝ ነው፤ ቅርጫት ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ማስታመም ነው።

ስለ ምትክ ከረጢቱም አንድ ነገር ብለን እንለፍ። በየሱቁ የሚታየው ጨርቅ መሳዩ ከረጢት ጨርቅ አይደለም፤ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው። ለጥቂት ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ግን እየተፈረፈረ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። ማዳበሪያ ጆንያም እንዲሁ ነው፦ ጥላ ውስጥ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፣ አጥር ላይ ተሰጥቶ ከከረመ ክሩ እየተመዘዘ ግቢውን ይሞላዋል። ለሎጅ የሚበጀው ከአቡጀዲ በሰፈር ልብስ ሰፊ የተሰፋ፣ የሚታጠብ ከረጢት ነው። እንግዳ የሚታጠብ ልብሱን የሚያስቀምጥበትም ይኸው ቢሆን የልብስ ማጠቢያው ፕላስቲክ ከረጢት አብሮ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት ይመዘን። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ እስከ 50 ኪሎ በሚይዝ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፤ ሃይላንድ ለብቻ፣ ሌላው ፕላስቲክ ለብቻ፣ ካርቶንና ወረቀት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ፣ እርጥብ ቆሻሻ። ኪሎ ብቻውን ያሳስታል፤ እርጥቡ በክብደት ሁሉንም ይበልጣል፣ ሃይላንዱ ደግሞ ክብደት ሳይኖረው ቦታ ይፈጃል። ስለዚህ ከኪሎው ጎን የጆንያው ቁጥርም ይጻፍ። ምዘናው በጥምቀት ሰሞን አንድ ጊዜ፣ በሁዳዴ ደግሞ ሌላ ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል፤ በጾም ወራት የአትክልት ልጣጩ ይጨምራል፣ ሥጋና አጥንቱ ይቀንሳል፣ የእንግዳውም ዓይነት ይለያል። በአንድ ወቅት ልኬት ብቻ የታቀደ የኮምፖስት ሳጥን በሌላው ወቅት ሞልቶ ይፈሳል።

አሁን ወደ ውኃው። 12 ክፍልና 18 እንግዳ ያለው ሎጅ ለአንድ እንግዳ በቀን ሁለት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ቢያቀርብ፣ በወር 1,080 ባዶ ፕላስቲክ ይወጣዋል። አንዱ ባዶ 25 ግራም ያህል ቢመዝን ድምሩ 27 ኪሎ ነው፤ ሳይጨፈለቅ ግን ከአንድ ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይይዛል። ይህን ያህል በሌላ በምንም ዕቃ ላይ በአንድ ውሳኔ መቀነስ አይቻልም።

መንገዱ ሁለት ነው። ቀላሉ ጋሎኑ የሚመለስ ባለ 20 ሊትር ውኃ መግዛት ነው። ጋሎኑ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ ብርሃን የሚመታው ጋሎን ውስጡ አረንጓዴ ያወጣል። ችግር የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ ከውኃው ሳይሆን ከማከፋፈያው ቧንቧ ነው፤ ብዙ እጅ ይነካዋል፣ ማንም አያጥበውም። በየሳምንቱ ይፈታ፣ በብሩሽ ይታሸት። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው እንደማይሠራም ይታሰብ። ከሥሩ ቧንቧ የተገጠመለት፣ ክዳኑ የሚገጥም የሸክላ ጋን ያለ መብራት ውኃ ያቀዘቅዛል፤ በላቡ ነው የሚያቀዝቅዘው፣ ስለዚህ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቁም፣ ከውጭም ቀለም አይቀባ። በኩባያ እየተጨለፈ የሚጠጣበት ጋን ግን ለእንግዳ አይሆንም፤ ኩባያው ይበክለዋል።

ሁለተኛው መንገድ የቧንቧውን ውኃ ራስ አጣርቶ ማከም ነው። መነሻው ሮቶው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ደለሉ ተጠርጎ ይውጣ፤ ከዚያ ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶ የሌለው በረኪና ተጨምሮ ይሞላና 24 ሰዓት ይቆይ። ይህ ውኃ አይጠጣም፤ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይም አይለቀቅ፤ ክሎሪኑ ዓሣ ይገድላል። ያረጀ፣ ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ኃይሉ የወረደ ስለሆነ ልኬቱን ያፋልሳል፤ የምርት ቀኑ ይታይ።

ከሮቶው በኋላ የሴራሚክ ማጣሪያ ይከተላል። በክረምት የቧንቧ ውኃ ሲደፈርስ ሻማው፣ ማለትም ውኃው ሰርጎ የሚያልፍበት ሴራሚክ፣ ቶሎ ይደፈናል፤ ስለዚህ ውኃው አድሮ ይጥለል፣ ከዚያ ወደ ማጣሪያው ይግባ። ሻማው ሲደፈን በለስላሳ ብሩሽ፣ በንጹሕ ውኃ፣ ያለ ሳሙና ይታሸት። መሰንጠቁን ለማወቅ ከማጣሪያው አውጥቶ ውኃ ውስጥ መድፈቅና በአንገቱ በኩል እፍ ማለት ነው፤ ከአንድ ቦታ ብቻ አረፋ ከተንጠባጠበ ተሰንጥቋል፣ ይጣል። ጤነኛ ሻማም ቢሆን ቫይረስን በአስተማማኝ ሁኔታ አያስቀርም። ከተጣራ በኋላ ወይ ይፈላ፣ ወይ እንደ ውኃ አጋር ያለ የመጠጥ ውኃ ማከሚያ ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም ድፍርስ ውኃ ላይ ክሎሪን ሲጨመር፣ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ሽታው ይቀራል፣ ጥቅሙ ይጠፋል። ማፍላት ለመረጠ፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ይበቃል፤ እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ ለጥንቃቄ ሦስት ቢሆን ክፉ አይደለም። ከዚያ በላይ ማፍላት ጋዝና ከሰል ማባከን ነው።

ውኃው ወደ ክፍል የሚገባው ክዳን ባለው የአንድ ሊትር ጠርሙስ ነው። ባዶ ሃይላንድ ሞልቶ ማቅረብ አይገባም፤ እንግዳው ማኅተሙ የተፈታ ፕላስቲክ ካየ አይጠጣም፣ አለመጠጣቱም ትክክል ነው። ጠርሙሱ በብሩሽና በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ 10 ሊትር ውኃ ላይ 20 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ በረኪና በተጨመረበት ሁለት ደቂቃ ተነክሮ፣ ተደፍቶ ይንጠፍጠፍ። በፎጣ አይወልወል፤ ፎጣው መልሶ ያቆሽሸዋል። ጠርሙሱ አንገት ላይ ውኃው እንዴት እንደተጣራና እንደታከመ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚናገር ትንሽ ካርድ ይንጠልጠል። «ንጹሕ ነው» የሚል ብቻ ማንንም አያሳምንም።

ለስላሳና የማዕድን ውኃ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በሳጥን የሚመጣ፣ ጠርሙሱ የሚመለስ ዓይነት ከጥንትም አለ፤ ወደ ፕላስቲኩ የሄድነው ሳጥን መሸከም ሰልችቶን ነው።

ወደ ክፍሎቹ እንግባ። በየክፍሉ ሁለት ቅርጫት፣ በየቅርጫቱ አንድ ስስ ፌስታል ካለ፣ 12ቱም ክፍሎች ሲያዙ በቀን 24፣ በወር 720 ፌስታል ይጣላል። አብዛኛው ሦስት ሶፍትና አንድ የማስቲካ ወረቀት ይዞ ነው የሚሄደው። የመኝታው ቅርጫት ምንም ማልበሻ አያስፈልገውም። የመታጠቢያ ቤቱ ክዳን ያለው ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን፤ አጽጂዋ ጋሪ ላይ ባለው አንድ ትልቅ ባልዲ ትገልብጠውና በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ 10 ሊትር ላይ 40 ሚሊ ሊትር በረኪና ባለበት ይለቅለቅ። እዚህ ላይ አደጋ አለ፦ በረኪና ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ሰዓት አይሠራባቸው። ለሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ (ሞዴስ) መጠቅለያ ታጥፎ የተዘጋጀ ወረቀት ከቅርጫቱ ጎን ይቀመጥ፤ ተነቦ ያለቀው ጋዜጣችሁ ለዚህ አገልግሎት ቢውል እንደማትቀየሙን ተስፋ እናደርጋለን። ይህ ወረቀት ከሌለ ነገሩ ሽንት ቤት ውስጥ ይጣላል፤ ቱቦ ይደፍናል፣ ለማስከፈት የሚወጣው ገንዘብ ከተቆጠበው ፌስታል ይበልጣል።

የሻምፖ ፓኬትና የትናንሽ ብልቃጦች ነገር በግድግዳ ላይ በሚገጠም ባለ ቁልፍ የፈሳሽ ሳሙና ማከፋፈያ ይፈታል። የሚበላሸው ግን ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ሳያልቅ ከላይ እየተጨመረበት። ሥሩ ላይ የቀረው አሮጌ ሳሙና ባክቴሪያ ያፈራል። እስኪያልቅ ይጠበቅ፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይሞላ። ሳሙናውን ለመቆጠብ ውኃ የሚጨምር ሎጅም አለ፤ ውኃው ሳሙናው ውስጥ ያለውን የብልሽት መከላከያ ስለሚያቀጥነው ሳሙናው በሳምንት ውስጥ ይሸታል።

በግዢ በኩል ሥራው ከዕቃ ይልቅ ከልማድ ጋር ነው። ገበያ የሚላከው ልጅ ዘንቢሉን ይረሳል፤ አምስት ዓይነት አትክልት በአምስት ፌስታል ይዞ ይመለሳል። ምክር አይለውጠውም። ዘንቢሎቹ ገንዘብ ያዡ ክፍል ይሰቀሉና የግዢ ብሩና ዘንቢሉ አብረው ይሰጡ፤ ዘንቢል ያልያዘ ብር አይወስድም። ሥጋና ዓሣ ክዳን ባለው ብረት ድስት ወይም ባልዲ፣ ዳቦ በአቡጀዲ፣ እንቁላል በሚመለስ ትሪ። በርበሬና ሽሮ በጆንያ ተገዝቶ ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጥ። ለቁርስ በትንንሽ የፕላስቲክ እቃ የሚመጣውን ማርማላታና ቅቤ ማስቀረት ከሁሉ ይቀላል፤ የአካባቢው ማር በትንሽ ሸክላ ሲቀርብ ቅር የሚለው እንግዳ አልታየም።

የጀልባው ምሳ ግን ብዙ ሎጆች የሚወድቁበት ቦታ ነው። ወደ ዘጌ፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ወደ ጣና ቂርቆስ የሚሄድ እንግዳ ሲሸኝ በነጭ የፎም ሣጥን ምግብ፣ ፌስታል፣ የፕላስቲክ ማንኪያ፣ ሁለት ሃይላንድ ይታደላል። ደሴት ላይ የቆሻሻ መኪና የለም፤ እዚያ የቀረ ዕቃ ወይ ይቃጠላል ወይ ውኃ ይገባል። አገልግል ያለበት አገር ስለ ምሳ ሣጥን መጨነቅ አልነበረበትም። ለአራት እንግዳ አንድ አገልግል ደረቅ ያለ ነገር፣ ማለትም ቋንጣ ፍርፍር፣ በጾም ተልባ ወይም ሱፍ ፍትፍት ተለይቶ በክዳን ሣህን፣ ይይዛል፤ ፈረንጅ ምግብ ለሚሻ የብረት ምሳ ዕቃ አለ። ውኃው ቧንቧ ባለው ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ተጭኖ እንግዳው የራሱን ጠርሙስ ይሞላል። ከጀልባው መቀመጫ ሥር ክዳን ያለው ባልዲ ታስሮ ይሂድ፤ ያልታሰረ ባልዲ በማዕበል ይገለበጣል፣ ክዳን የሌለው ነፋስ ያራግፈዋል። ከመነሻ በፊት የተሰጠው ዕቃ ብዛት ይጻፍ፣ ሲመለስ ባለ ጀልባው ፊት ይቆጠር።

እርጥቡ ቆሻሻ ላይ ሰፋ አድርገን እንናገራለን፤ በክብደት ትልቁ እሱ ነውና። ዓሣ የሚያቀርብ ወጥ ቤት በመጀመሪያ ይህን ያስላ፦ ከሙሉ ቀረሶ ዓሣ ፊሌቶ (አጥንት የለሽ ሥጋ) ሆኖ የሚወጣው ሲሶ ያህል ነው። 30 ኪሎ የገዛ 20 ኪሎ ያህል ራስ፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ይቀረዋል። ራስና አጥንቱ ሾርባ ይሆናል፤ ስንጥቡ (መተንፈሻው)፣ ጉሮሮውና ሆድ ዕቃው ብቻ ተለይቶ ይወገድ። ወደ ሐይቁ ተመልሶ መጣሉ «ለፔሊካን ነው» እየተባለ ይመካኛል፤ ዳር ላይ ሲበሰብስ ግን ውኃውን የሚያደልብ ነገር ይሆናል፣ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ የታየው እምቦጭም የሚወደው እንዲህ ያለውን ውኃ ነው። ከውኃው ርቆ ግማሽ ሜትር በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀበር፣ በላዩ አመድና አፈር ይጫን። ጥልቀቱ ካነሰ ጅብና ውሻ ያወጡታል፣ አባ ኮዳም ቀኑን ሙሉ ከግቢው አይለይም።

እንጀራ ሁለት ዓይነት ነው። ማዕድ ላይ ያልቀረበው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ከገበታ የተመለሰው ለዶሮ ወይም ለከብት አርቢ ይሰጥ፤ ነገር ግን ስትሮ፣ ሶፍትና ፌስታል ተለቅሞ። ፌስታል የዋጠች ላም ሆዷ ታንቆ ትሞታለች፤ ከሎጅ በወጣ ፍርፋሪ ጎረቤት ላም ከሞተች ደግሞ ማንም ከዚያ ግቢ ሁለተኛ ምንም አይወስድም።

ልጣጩ፣ የቡና አተላው፣ የሻይ ቅጠሉ ወደ ኮምፖስት ይግባ። ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ሦስት የእንጨት ሳጥን፤ አንዱ የሚሞላ፣ አንዱ የሚበስል፣ አንዱ ወጥቶ የሚያልቅ። ከአንድ ሜትር ኩብ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ይጨመር፦ የዋንዛና የሾላ ቅጠል፣ የጤፍ ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ የተቀደደ ካርቶን። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ደረቁን በበጋ ያቃጥሉትና በክረምት የሚጨምሩት ያጣሉ። ቅጠሉ ከጥር ጀምሮ በጆንያ ይጠራቀም። እፍኝ ሲጨበጥ እጅ ካረጠበና ጠብ ካላለ እርጥበቱ ልክ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል፤ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ካለው እርጥቡ በዝቷል፤ ሁለቱንም ደረቅ መጨመርና መገልበጥ ያድነዋል። አንድ ሜትር ፌሮ መሃሉ ላይ ተሰክቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲወጣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ በደንብ እየሠራ ነው። መጀመሪያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ይገልበጥ፤ በሦስት አራት ወር ይደርሳል። ሥጋ፣ ቅባትና ዓሣ አይገቡም።

ቦታው ሲመረጥ የሐይቁ ውኃ የት ድረስ እንደሚመጣ ይታይ። ጣና ዝቅ የሚለው በግንቦትና ሰኔ፣ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ በሚያዝያ ከውኃው ሩቅ የመሰለ ሳጥን በመስከረም ከዳር ይገኛል። 30 ሜትር ከከፍተኛው የውኃ ምልክት ይራቅ፣ በቆርቆሮ ይከደን። እምቦጭን ነቅሎ ወደዚህ ሳጥን መክተት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሳይደርቅ ከገባ ክምሩን ያቀዘቅዘዋል፣ አበባ የያዘው ደግሞ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በደንብ የሚሞቅ ክምር ለሌለው ሎጅ ባይነካው ይሻላል።

ስለ ማቃጠል በአጭሩ፦ ማታ ጥበቃው ቅጠልና ፕላስቲክ አንድ ላይ የሚለኩስበት የጓሮ ጉድጓድ ይደፈን። በዝቅተኛ ሙቀት የሚነድ ፕላስቲክ፣ በተለይ የቧንቧ መሥሪያው ፒቪሲ ካለበት፣ ዳይኦክሲን የተባለውን መርዝ ያወጣል፤ ጭሱ የሚገባው እንግዳው በተኛበት መስኮት ነው፣ አመዱን ደግሞ የክረምት ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል።

የቀረው ሃይላንድ ለቆራሌው ይሸጣል። ውኃው ይፈሰስ፣ ይጨፍለቅ፣ ክዳኑ ይለይ፤ ክዳኑ የሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ባልዲ ውኃ ውስጥ ቢጣሉ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል። እርጥብ ሶፍት የገባበት ጆንያ ዋጋው ይወርዳል። የሽያጩ ገንዘብ ለአጽጂዎቹና ለጥበቃዎቹ ዕቁብ በግልጽ ይሰጥ፤ ወደ ባለቤቱ ኪስ በገባበት ግቢ መለየቱ ወር አይዘልቅም። ለአንድ ሎጅ 20 ወይም 30 ኪሎ ብሎ ገዢ በራሱ መኪና አይመጣም። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ አምስት ሎጆች ግን አንድ መጋዘን ተስማምተው፣ በወር አንድ ቀን ቆርጠው፣ የየራሳቸውን ጆንያ በስም ጽፈው ቢያመጡ ከመቶ ኪሎ ያላነሰ ይሆናል፤ ለዚህ ገዢው ራሱ ይመጣል። ጋዜጣችሁ ከከተማው የጽዳት ክፍል ጋር በሚያደርገው ቀጣይ ቃለ መጠይቅ፣ የተለየው ቆሻሻ መኪና ላይ ሲጫን ተመልሶ እንዳይደባለቅ ለደረቁና ለእርጥቡ የተለያየ ቀን መመደብ ይቻል እንደሆነ ቢጠይቅልን እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር በእንግዳ ማረፊያ ጽዳትና ወጥ ቤት ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎች